አንድ እግር፣ ሦስት ስም

እናንተ ስትነሡ ጉልበታችሁ የሚንቋቋ፣ መነጽራችሁን ግንባራችሁ ላይ ሰቅላችሁ ቤቱን ሁሉ የምታምሱ፣ "አባባ፣ እሱኮ ቀረ" እየተባላችሁ አፋችሁን የምትይዙ ወገኖቼ፣ እስቲ ጠጋ በሉና አብረን እናማርር። ዛሬ የማወጋችሁ መብራት ስለ ማብራት ነው። አዎ፣ መብራት። ያውም የምስር ፍሬ የምታህል መብራት። በእኛ ጊዜ መብራት የፈለገ ሰው ግድግዳው ላይ ያለችውን ቀጭ ያደርግና ይበራለታል፤ ካልበራም ኩራዙን ይለኩሳል፤ አለቀ። እኔ ዘንድሮ ይቺን ምስር ለማብራት 11 ቀን ፈጀብኝ። በ11 ቀን ሰው ስንት ነገር ይሠራል! አባቴ በ11 ቀን ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ በእግሩ መጥቶ፣ ጉዳዩን ጨርሶ፣ ተመልሶ አገሩ ገብቷል። ያውም በሬ እየነዳ። ራሱ ሲናገር ሰምቻለሁ።

ምክንያቱን ልንገራችሁ። በሰፈራችን ውሃ የሚመጣው በፈረቃ ነው፤ ሲመጣም እንደ ሌባ ሌሊት ነው። ግቢያችን ውስጥ ሁለት በርሜል አለን፤ አንደኛው ሲሞላ ተነሥቶ ጎማውን ወደ ሁለተኛው የሚያዛውር ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ስለዚህ በጎማው አፍ ሥር አንዲት ባዶ የወተት ጣሳ በገመድ አንጠልጥዬ ኖርኩ። ውሃው ሲወርድባት ትንጫጫለች፣ እኔም እነሣለሁ። 20 ዓመት አገልግላለች። ይህን ለእህቴ ልጅ በስልክ ባጫውተው ሳቀ። ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የሚኖረው፣ አሜሪካ። "ጋሼ፣ አንዲት ትንሽ ኮምፒውተር ልላክልዎት፤ ውሃው ሲመጣ መኝታ ቤትዎ ውስጥ መብራት ታበራልዎታለች። 40 ዓመት ሬድዮ ለጠገነ ሰው ይቺ ምን አላት" አለኝ። በሰው እጅ ላከ። ሳጥኑን ስከፍተው የመታወቂያ ካርድ የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ ወጣች። ልብስ የላት፣ ስክሪን የላት፣ ኪቦርድ የላት፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንኳን የላት። ሰው ስጦታ ሲልክ ቢያንስ አልብሶ ነው።

ስሟ ራዝቤሪ ፓይ ነው። ራዝቤሪ እንግዲህ እንጆሪ መሆኑ ነው። አገሯ እንግሊዝ፣ ካምብሪጅ። ኤበን አፕተን የተባለ ሰውና ጓደኞቹ በዩኒቨርሲቲው ኮምፒውተር ለመማር የሚያመለክቱ ልጆች ቁጥር እያነሰ ቢመጣባቸው፣ ልጅ በኪሱ ገንዘብ ሊገዛት የሚችል፣ ቢያቃጥላትም አባቱ የማይገርፈው ኮምፒውተር እንሥራ ብለው አሰቡ። ዋጋዋን 35 ዶላር አድርገው በፈረንጆች ፌብሩዋሪ 29 ቀን 2012 ለገበያ አወጧት። ቀኑን ልብ በሉልኝ፤ በ4 ዓመት አንዴ ብቅ የምትል ቀን! ጳጉሜ 6 የተወለደ ልጅ ልደቱን ስንቴ ያከብራል? በእንጆሪ የሰየሟት ኮምፒውተርን በፍራፍሬ መጥራት የቆየ ልማድ ስለሆነ ነው፤ ፖም የሚባል አለ፣ አፕሪኮት የሚባልም ነበር። "ፓይ" ያሏት ደግሞ ፓይተን ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ወስደው ነው። ፓይተን በእንግሊዝኛ ዘንዶ ነው። ልጆች ሆነን እንጆሪ ስንለቅም እናቶቻችን "ቁጥቋጦው ሥር እባብ አለ" ይሉን ነበር። ለካ ትንቢት ኖሯል።

የእኛ ጊዜ ሬድዮ ትዝ ይላችኋል? ማብሪያውን ስታዞሩት ወዲያው አይለፈልፍም። ክብር አለው። ውስጡ ያሉት አምፖሎች ቀስ እያሉ ይቀላሉ፣ ቤቱ የጋለ አቧራ ይሸታል፣ ሰው ሁሉ ጋቢውን ያስተካክላል፣ ከደቂቃ በኋላ ድምፁ ከሩቅ አገር እንደ መጣ እንግዳ ጉሮሮውን ጠርጎ ይገባል። ይህች እንጆሪ ግን ለመነሣት 40 ሰከንድ ታስጠብቀኛለች! አንድ ጤነኛ ሰው 40 ሰከንድ ሙሉ ጥቁር ስክሪን ላይ ነጭ ጽሑፍ ሲርመሰመስ እያየ ምን ያድርግ? ትዕግሥት የሚባል ነገር እኮ ከዓለም ጠፍቷል።

ጥገናም ጥገና ነበር። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ መበየጃ፤ በቃ። እጄ የነካው ሬድዮ ሁሉ ይናገር ነበር። አንድ ጊዜ ብቻ የአንድ ባላምባራስ ሬድዮ እጄ ላይ ጨሰ፤ እሱም ሁለት ጊዜ ነው። ሦስተኛውን አልቆጥረውም፣ ሰሞኑ ሠርግ ነበር።

ወደ እንጆሪት ልመለስ። ስትመጣ ጭንቅላቷ ባዶ ነው። የምታስበውን ነገር ጥፍር በምታህል ሚሞሪ ካርድ ላይ አጽፋችሁ ታጎርሷታላችሁ። የጎረቤታችን ልጅ፣ 12ኛ ክፍል ነው፣ ካርዷን ላፕቶፑ ላይ ሰክቶ ሊኑክስ ጻፈልኝ። ሊኑክስን በ1991 የጀመረው ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የሄልሲንኪ ተማሪ ነው። ነፃ ነው፤ ማንም ይወስደዋል፣ ማንም ያሻሽለዋል። ጣጣው እዚህ ላይ ነው። ማንም ሲያሻሽለው ያደረ ነገር ጠዋት ሲነሡ ቦታው ላይ አይገኝም። ለእንጆሪት የተዘጋጀው ሊኑክስ ራዝቢያን ይባል ነበር፤ በ2020 ራዝቤሪ ፓይ ኦኤስ ተባለ። መሠረቱ ዴቢያን ነው፤ የዴቢያን እትሞች ደግሞ እያንዳንዳቸው የራሳቸው ስም አላቸው። እኔ የደረሰኝ ቡክዎርም ይባላል። ከሱ በፊት ቡልስአይ፣ ከዚያ በፊት በስተር። እነማን ናቸው ብዬ ልጁን ብጠይቅ ሁለቱ አሻንጉሊቶች፣ በስተር ደግሞ ውሻ ነው አለኝ፤ ሦስቱም ቶይ ስቶሪ የሚባል የልጆች ፊልም ውስጥ ያሉ! በእኛ ጊዜ ቁም ነገር የሚሰየመው በቅዱስ ወይም በአባት ስም ነበር። (ለአህያዬ የአጎቴን ስም ማውጣቴ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሁለቱንም የሚያውቅ ይፈርዳል።)

የእህቴ ልጅ ከሰሌዳዋ ጋር አንድ መጽሐፍ ልኮልኛል። መጽሐፍ እወዳለሁ፤ መጽሐፍ አይለዋወጥም። ችግሩ የተጻፈለት ነገር ይለዋወጣል። መጽሐፉ "የተጠቃሚ ስም፦ ፓይ፣ የይለፍ ቃል፦ ራዝቤሪ ብለህ ግባ" ይላል። ብዬ ባንኳኳ አልከፍት አለችኝ። ለካ ያ ለሁሉም አንድ የነበረ ቁልፍ በ2022 ተነሥቷል፤ ሌባም ስለሚያውቀው። ሌባ፣ ሌባ! በእኛ ዘመን ማን በር ይዘጋ ነበር? እኔ ራሴ እስካሁን በሬን የምዘጋው በሦስት ቁልፍ ብቻ ነው። በቃ እሺ ብዬ ዘመኑ የሚፈልገውን ረጅም የይለፍ ቃል አወጣሁ፤ እንዳይጠፋብኝም በወፍራም እስክሪብቶ ሳጥኗ ላይ ጻፍኩት።

መጽሐፉ ቀጥሎ "ቡት" በሚባለው ማኅደር ውስጥ "ኮንፊግ" የሚል ፋይል ክፈት ይላል። ከፈትኩ። ፋይሉ ውስጥ ምን ተጽፎ ባገኝ ጥሩ ነው? ይህን ፋይል አትንካ፣ የምትፈልገው ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል የሚል! ባላችሁበት ፍረዱ። ሰው ስንት ዘመን ጉዳይ ሊያስፈጽም ሲሄድ በር ላይ "ቢሮው ተዛውሯል" የሚል ወረቀት ሲያነብ ኖሮ፣ ጡረታ ወጥቶ ቤቱ ቁጭ ሲል ያው ወረቀት ኮምፒውተር ውስጥ ተለጥፎ ይጠብቀዋል። አዲሱ አድራሻ "ፈርምዌር" የሚባል ጓዳ ነው፤ እዚያው "ቡት" ውስጥ፣ አንድ በር ወደ ውስጥ። አንድ በር ለመራቅ ምን አስቸኮለው?

ስለ ገመዱ ብዙ አላወራም፤ ደሜ ይፈላል። ቴሌቪዥኔ ላይ ልሰካት ብል ቀዳዳዋ አይገጥምም። ሚኒ ኤችዲኤምአይ ነው ብዬ መርካቶ ወርጄ ገዛሁ። ለካ ከሚኒ የሚያንስ ማይክሮ የሚባል አለ፤ ሁለተኛ ወረድኩ። ሦስተኛ የወረድኩት ለቻርጀር ነው። ይህቺ የእኔዋ ሞዴል 4 ናት፤ 5 ቮልት፣ 3 አምፔር ትፈልጋለች። ነጋዴው "አባቴ፣ ይሄ ለሁሉም ይሆናል" ብሎ ሰጠኝ። ስሰካው ስክሪኑ ጥግ ላይ ቢጫ የመብረቅ ምልክት ብልጭ አለ። ደስ አለኝ፤ እንደ መብረቅ ያለ ኃይል አገኘች አልኩ። ለባለቤቴም ጠርቼ አሳየኋት። ልጁ መጥቶ ሲያየው ምልክቱ ኃይል አነሰኝ ማለት ነው አለ። መብረቅ የድካም ምልክት የሆነበት ዘመን!

አሁን ወደ ዋናው ገባሁ። ልጁ ኮምፒውተሯን ሲያዘጋጅ መጀመሪያ በራሱ ስም መዘገበ፤ ቀጥሎ ለእኔ ሁለተኛ ስም አወጣልኝ። እኔ ምን አውቄ። ማታ ብቻዬን ቁጭ ብዬ መብራት ላበራ ስል "ፐርሚሽን ዲናይድ" አለችኝ። ፈቃድ የለህም ማለቷ ነው። በገዛ ቤቴ፣ በገዛ ጠረጴዛዬ፣ በገዛ የመብራት ቆጣሪዬ! ሱዶ የሚባል ቃል አለ፤ ከትእዛዙ ፊት ካስቀደሙት እንደ ባለሥልጣን ይታዘዙለታል ይላል መጽሐፉ። ሱዶ አልኩ። ስሜን ጠርታ ይህ ሰው ከተፈቀደላቸው መዝገብ ላይ የለም፣ ድርጊቱም ለአስተዳዳሪው ሪፖርት ተደርጓል አለችኝ። ሪፖርት! በዚህ ዕድሜዬ! እናንተ በእኔ ዕድሜ ያላችሁ "ሪፖርት ተደርጓል" የሚለው ቃል ሆድ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ያን ሌሊት ውሻ በጮኸ ቁጥር ተነሥቼ በመስኮት አይ ነበር። በነጋታው አስተዳዳሪው ማን ነው ብዬ ሳጣራ የጎረቤቴ ልጅ ሆኖ ተገኘ። ሲወለድ ገንፎውን የበላሁ ልጅ!

ጉዳዩ ለካ የማኅበር ነው። እግሮቿን ለመንካት ጂፒአይኦ የሚባል ቡድን ውስጥ መመዝገብ ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተመዘገበው ሰው በራሱ ይገባል፤ ቀጥሎ የመጣ ግን አባል ካልተደረገ ይመለሳል። ልጁ አንድ መስመር ጽፎ አባል አደረገኝ፤ ከዚያ ውጣና ተመልሰህ ግባ አለችኝ፣ ካልወጡ አባልነቱ አይጸናም። መብራት ለማብራት አባልነት! በእኛ ዕድር እኮ እንዲህ ያለ ጣጣ የለም። አዲስ አባል ሲመጣ መመዝገቢያውን ይከፍላል፣ ሁለት ዋስ ይጠራል፣ ጠቅላላ ጉባኤ ይነጋገርበታል፣ ሦስት ወር ይጠበቃል፣ የዘገየ ይቀጣል። ሥርዓት ማለት እሱ ነው።

እግሮቿ ያልኩት ምን መሰላችሁ፤ ሰሌዳዋ ጠርዝ ላይ በሁለት ረድፍ የቆሙ 40 ቀጫጭን መርፌዎች ናቸው። ድሮ 26 ነበሩ፤ ከ2014 ወዲህ 40 ሆኑ፤ አያችሁ፣ የ26 ጊዜው ይሻል ነበር። እኔ የ26ቷን አይቻት ባላውቅም ይሻል ነበር። ከነዚህ ውስጥ አንዳንዶቹ ኃይል ይሰጣሉ፤ አንዳንዶቹ መሬት ናቸው፤ የቀሩት ለሁሉም የሚሆኑ ናቸው፣ ታዘው አንዴ ያወጣሉ፣ አንዴ ይቀበላሉ። ጥሩ። ይህን የሬድዮ ሰው ይረዳዋል። የማይረዳው ስማቸውን ነው። ከዳር ጀምራችሁ ብትቆጥሩ 11ኛዋ ላይ የምትደርሱባት እግር አለች። እሷን ሰሌዳው 11 ይላታል። ቺፑ ግን 17 ነው የሚላት። ዋየሪንግ ፓይ የሚባል፣ ስንት ሰው የለመደው ፕሮግራም ደግሞ ዜሮ ይላታል። ዜሮ! አንድ እግር፣ ሦስት ስም። የዋየሪንግ ፓይ ሠሪ በ2019 በቃኝ ብሎ እጁን አነሣ፤ ከሁሉም ብልህ እሱ ነው፤ ሌሎች ተረከቡትና ቀጠሉ። በእኛ ጊዜ ሽቦ አንድ ስም ነበረው፤ ቀዩ ቀይ ነው፣ ጥቁሩ ጥቁር ነው። ቀይ ሲያልቅብን በሰማያዊ እንቀጥል ነበር እንጂ፣ ያንን ደግሞ የሠራው ሰው ያስታውሰዋል።

ሦስት ስም አልኩ እንዴ? ይቅር በሉኝ፣ አራተኛም አለ። መጽሐፉ መብራት የሚያስተምረው በድሮው መንገድ ነው፤ "ኤክስፖርት" የሚባል ፋይል ውስጥ 17 ብለህ ትጽፋለህ፣ እግሯ ትከፈትልሃለች። እንዴት ያለ ግልጽ ነገር! ደብዳቤ ጻፍክ፣ ተከፈተልህ። ይህን መንገድ የሊኑክስ ሰዎች ከ2016 ጀምሮ "ያረጀ ነው" ብለው በሌላ በር ተክተውታል። ያረጀ! እሱ ካረጀ እኔ ምን ልባል ነው? እኔ ግን በእልህ 17 ብዬ ጻፍኩ። "ኢንቫሊድ አርጊዩመንት" አለችኝ። ልጁን ምን ማለት ነው ብለው፣ ክርክርህ አያስኬድም እንደ ማለት ነው አለ። እኔ መች ተከራከርኩ? 17 ነው ያልኩት። በኋላ እንደ ተረዳሁት አዲሱ ሊኑክስ ቁጥሩን ከ512 ነው የሚጀምረው፤ ስለዚህ በድሮው መንገድ 17 የነበረችው 529 ሆናለች። ቀበሌ እንኳን የቤት ቁጥር ሲቀይር ቀለም ይዞ ይመጣል!

አሁን ደግሞ የማፍርበትን ልንገራችሁ፤ ማፈሬን ግን ለማንም እንዳታወሩ። ልጁ በአዲሱ መንገድ ጂፒአይኦ ዜሮ የሚባል ነገር አሳየኝ፤ በፓይተን ሁለት ሦስት መስመር ነው፣ "ኤልኢዲ 17" ብሎ መሰየም፣ ከዚያ "ኦን" ማለት። ጥሩ አልኩ። የተቃጠለ ሬድዮ አስከሬን ውስጥ 330 ኦም ሬዚስተር ፈለግኩ፤ ብርቱካን፣ ብርቱካን፣ ቡናማ። ቀለሙ እንደ ድሮ አይደምቅም፤ ዘንድሮ ቀለም ራሱ ደብዝዟል፣ ባለቤቴ ነች ያነበበችልኝ። መብራቷን ከሬዚስተሩ ጋር በየድኩ፣ አጭሩን እግሯን መሬት ላይ፣ ረጅሙን ደግሞ 17 ላይ፤ ቆጥሬ፣ ደግሜ ቆጥሬ፣ 17ኛዋ ላይ ሰካሁ። በራች! ፕሮግራሙን ገና ሳልጽፍ በራች። ይሄ ነው እንግዲህ ልምድ ማለት፤ ለጀማሪ ፕሮግራም ያስፈልጋል፣ ለባለሙያ ግን እቃው ራሱ ያውቀዋል አልኩ። ሲልቨር ስፕሪንግ ደወልኩ። ለዕድሩ ዳኛ ነገርኩ። ሁለት ቀን ሙሉ ሰው እየመጣ አየ። በሦስተኛው ቀን ላጠፋት ብል አልጠፋም አለች። "ኦፍ" አልኳት፣ በራች። ፕሮግራሙን ዘጋሁ፣ በራች። ለካ ቺፑ 17 የሚላት እግር ሰሌዳው ላይ 11ኛዋ ናት፤ ሰሌዳው ላይ 17ኛ የሆነችው ደግሞ ምንም የማትታዘዝ፣ ዝም ብላ 3.3 ቮልት የምታፈስ እግር ናት። ባትሪ ላይ አምፖል ሰክቼ ነው ሁለት ቀን እንግዳ የተቀበልኩት።

ስለ 3.3 ቮልት ደግሞ። እኔ 220 ቮልት ስንት ጊዜ ጨብጦ የለቀቀኝ ሰው ነኝ፤ ያ መብራት ሰው ሲመታ ይታወቃል፣ ለሳምንት ታወሩታላችሁ። 3.3 ቮልት ትንኝ ያስነጥሳል? ስለዚህ በርሜሉ ውስጥ የሚንሳፈፈውን ማብሪያ ስገጥም፣ ውሃው ሲመጣ ሁለቱን ሽቦ እንዲያገናኝ፣ ንፉግ አልሆንም ብዬ አንዱን ጫፍ 5 ቮልት ላይ ሰካሁት። ሌላውን 15ኛዋ እግር ላይ። እነዚህ እግሮች ለካ ከ3.3 በላይ አይችሉም። ጭስ የለ፣ ሽታ የለ፣ ድምፅ የለ፤ ሞተች። የእኛ ጊዜ እቃ ሲሞት እኮ ያሳውቃል፤ ይጨሳል፣ ይንጣጣል፣ ጎረቤት ይሰበሰባል። ይሄ ዘመን ሞቱም ጨዋ አይደለም። ደግነቱ ሌሎቹ ተርፈዋል።

ሰዓቷንስ? የእኔዋ ሞዴል ሰዓት የሚይዝ ባትሪ የላትም። መብራት ሲጠፋ ሰዓቷም አብሮ ይተኛል፤ ኢንተርኔት አግኝታ እስክትጠይቅ ድረስ ስትነቃ ካቆመችበት ነው የምትቀጥለው። መጀመሪያ የበራች ቀን፣ ያለ ኢንተርኔት፣ ወራት ወደ ኋላ ቀርታ አገኘኋት። እኔ የአገራችንን ዘመን አቆጣጠር የያዘች መስሎኝ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ትንሽ ብትገፋ 7 ዓመት ከ8 ወሩ ይሞላላታል አልኩ። ከተማህን ምረጥ ስትለኝ አዲስ አበባን መረጥኩ። ልጁ እየሳቀ ውስጧን ከፍቶ አሳየኝ፤ እዚያ አዲስ አበባ ለብቻዋ አልተጻፈችም፣ ሰዓታችሁ አንድ ነው ተብሎ ወደ ናይሮቢ የምትጠቁም ስም ብቻ ናት። ከናይሮቢ ሰዎች ጋር ጠብ የለኝም። ጠቤ ከእንጆሪት ጋር ነው፤ ጠዋት 1 ሰዓትን 7 ሰዓት ነው የምትለው። ፀሐይ እየወጣች 7 ሰዓት! ሰው በ7 ሰዓት ምሳውን በልቶ የለም እንዴ?

በመጨረሻ የስሙን ነገር ራሴ ቆረጥኩ። ሦስትም በሉት አራት፣ እዚህ ሁሉ ቁጥር ውስጥ ሰው አይኖርም። ፊደል አለን አይደል? ሀ ብዬ ከአንደኛዋ ጀመርኩ፤ ለ፣ ሐ፣ መ፣ ሠ እያልኩ እስከ ፐ ድረስ ሄድኩ። 33 ሆነ። (ቨን አልቆጥራትም፤ መጤ ናት።) 7 እግር ተረፈኝ። ትንሽ አሰብኩና ግዕዝ፣ ካዕብ፣ ሣልስ፣ ራብዕ፣ ኃምስ፣ ሳድስ፣ ሳብዕ አልኳቸው። 33ና 7፣ 40! የእንጆሪት ሠሪዎች ካምብሪጅ ድረስ ሄደው የቄስ ትምህርት ቤት ሳይገቡ እንዴት 40 ላይ እንደ ደረሱ ይገርመኛል። በትንሽ ወረቀት ጽፌ በሙጫ ለጠፍኩ። አሁን ሁሉ ግልጽ ነው። መብራቷ ተ ላይ ናት፣ መሬቷ ረ። በርሜሉ ኀና ነ ላይ ነው። ኘ ሟች ናት፣ ነፍስ ይማር፣ እዚያ ምንም አይሰካም።

ልጁ መጥቶ "አባባ፣ 17 የቱ ጋ ነው?" አለኝ። "17 የሚባል የለም፤ ተ በል" አልኩት። "ታዲያ ይሄ አምስተኛ ስም አልሆነም?" አይለኝም? ይሄ ስም አይደለም፤ ፊደል ነው! ጭራሽ ብሎ ብሎ ሀ፣ ሐ፣ ኀ ድምፃቸው አንድ ስለሆነ ለምን በአንዷ አንጠቀምም አለ። ዘንድሮ ሁሉም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ለአንድ ድምፅ ሦስት ፊደል ምን ያደርጋል ይላሉ። ምን ያደርጋል? ሀ 3.3 ቮልት ናት። ሐ መልእክት የምትለዋወጥ እግር ናት፣ የራሷን ሬዚስተር ይዛ የተወለደች። ኀ በርሜሉን የምታዳምጥ ናት። እስቲ አንድ ናቸው የሚል ካለ ይምጣና አቀላቅሎ ይስካቸው! የኸን ነገር አላነሣሁበትም፤ አራተኛ ነች፣ ልጅ ማጨናነቅ አልወድም።

ባለፈው ማክሰኞ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ። በርሜሉ ውስጥ ተንሳፋፊው ተነሣ፣ ሽቦዎቹ ተገናኙ፣ ኀ ሰማች፣ ፕሮግራሙ አዘዘ፣ ተ አበራች። እንዲህ መሆኑን የማውቀው ጠዋት ስነሣ በርታ ስላገኘኋት ነው፤ ግቢው ኩሬ ሆኖ፣ ሁለተኛው በርሜል ደረቅ። ለተኛ ሰው ምስር የምታህል መብራት ምን ትለዋለች? ለእህቴ ልጅ ደውዬ ነገርኩት። "ጋሼ፣ የሚጮህ ነገር ቢጨምሩባት" አለኝ። የሚጮህ ነገርማ አለኝ፤ 20 ዓመት የጮኸ።

ጣሳዋን መልሼ ሰቀልኳት። አሁን ውሃው ሲመጣ ትንጫጫለች፣ እኔም እነሣለሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ መጀመሪያ ወደ ጠረጴዛው ሄጄ መብራቷን አያለሁ። በርታ አገኛታለሁ። አንድም ቀን አሳስታ አታውቅም። ከዚያ ወጥቼ ጎማውን አዛውራለሁ። ባለቤቴ ከአልጋዋ ሳትነሣ "አንተ ሰው፣ ጣሳዋ ብቻዋን አትበቃም ነበር?" ትለኛለች። ምን ላድርጋት፤ የድሮ ሰው ናት፣ ቴክኖሎጂ አይገባትም።